20 ጣና ያልነው 5 ጣና ሆኖ ሲገኝ፦ ከጎንደር የአንድ ግግር በረዶ ስሌት የጉዳይ ጥናት

ይሄን ከመጻፌ በፊት ተማሪዬን አስፈቅጃለሁ። "ይጻፉት መምህር፣ ግን እንደሆነው ይጻፉት፣ የኔንም የእርስዎንም ሳይደብቁ" አለችኝ፣ ስለዚ እንደሆነው ነው የምጽፈው። የሰው ስም አልጠራም፣ ለጉዳዩም አያስፈልግም።

እኔ ጎንደር ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ከማስተማሩ የሚተርፈኝን ጊዜ የምሰጠው ለአንታርክቲካና ለግሪንላንድ በረዶ ነው፣ የሶስተኛ ዲግሪዬም በዛው ላይ ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሄደህ አይተኸዋል?" ብሎ ነው። አላየሁትም። የኔ ስራ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሳተላይት የላከውን ቁጥር ማውረድ፣ ማጽዳት፣ መደመር፣ መጠራጠር፣ እንደገና መደመር። ቤቴ ማራኪ ሰፈር ነው፣ ኔቱ ሰው ከተኛ በኋላ ስለሚሻል ፋይል የማወርደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ መብራት ከሄደ በላፕቶፑ ባትሪና በሞባይል ዳታ እቀጥላለሁ፣ እሱም ካለቀ ለነገ ይተላለፋል። ዳታው ግን በነጻ ነው፣ ናሳ ድረገጽ ላይ አካውንት የከፈተ ሁሉ ማውረድ ይችላል፣ እና ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ደባርቅ ያደገች ልጅና ካሊፎርኒያ ያለ ተመራማሪ የሚያዩት ቁጥር አንድ አይነት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚመጣብኝ ጥያቄ ደግሞ "ባህር የለን፣ ምን አገባን?" የሚለው ነው። በዚህ አልቆጣም፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሀገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፣ ወደብ ደግሞ የሚሰራው በባህሩ ጠርዝ ላይ ነው፣ ውሃው ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ያለው ዘይት፣ የባጃጁ ጎማ፣ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ፣ በዛ በር ነው የገባው። ባህር የለንም እንጂ ከባህሩ ነጻ አይደለንም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

መለኪያው

ግሬስ የሚባሉ ሁለት ሳተላይቶች ማርች 2002 ላይ ወደ ህዋ ወጡ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዱ ሌላውን በ220 ኪሎሜትር ገደማ ርቀት እየተከተለ ከዋልታ ዋልታ ምድርን ይዞራሉ፣ ሰራተኞቹ ቶምና ጄሪ ነበር የሚሏቸው። ከፊት ያለው ብዙ ክብደት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይሳባል፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይሰፋል፣ የኋለኛው ሲደርስ ደግሞ እሱም ይሳብና ርቀቱ ይጠባል። ያቺን ከጸጉር የቀጠነች ልዩነት ይለካሉ፣ ከዛ ውስጥ ነው የትኛው ቦታ ክብደት እንደጨመረ፣ የትኛው እንደቀነሰ በየወሩ ካርታ የሚወጣው። ፎቶ አያነሱም፣ ከፍታም አይለኩም፣ ስበት ብቻ ነው የሚያዳምጡት። የመጀመሪያዎቹ 2017 ላይ አበቃላቸው፣ ተተኪዎቹ ሜይ 2018 ላይ ወጡ፣ በመሀል 11 ወር ያህል ባዶ ነው፣ ማንም ቢሰራው ያ ክፍተት በመስመሩ ላይ ይታያል።

ውጤቱ ሲወጣ በጊጋቶን ነው የሚነገረው። አንድ ጊጋቶን አንድ ቢሊዮን ቶን ነው፣ ውሃ ሆኖ ሲሰፈር አንድ ኪሎሜትር በአንድ ኪሎሜትር በአንድ ኪሎሜትር የሆነ ገንዳ ይሞላል። 360 ጊጋቶን የሚሆን በረዶ ከየብስ ወደ ባህር ሲገባ የዓለም ባህር በአማካይ 1 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። እዚህ ሀገር ለሚያዳምጥ ሰው ጊጋቶን ምንም ስለማይል ተማሪዬ ያገኘችው ዘዴ ጣና ነበር። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ሆኖ በአማካይ ወደ 9 ሜትር ነው የሚጠልቀው፣ የያዘው ውሃ ወደ 28 ጊጋቶን ይጠጋል። ስለዚ "ስንት ጣና?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጎርጎራ ላይ ቆሞ ውሃውን ያየ ሰው አንድ ጣና ስትለው ይገባዋል። ዘዴው አሁንም ጥሩ ነው፣ ስህተቱ የመጣው ከሱ አይደለም።

ቋንቋችን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተማሪዬ ስራዋን ባቀረበችበት ሴሚናር ላይም ተነስቷል። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ራስ ደጀን ላይ የሚያነጣውንም "በረዶ" ነው የምንለው። አንታርክቲካ ላይ ያለው በአማካይ ወደ 2 ኪሎሜትር ውፍረት ያለው፣ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ባህር የሚፈስ ነገር ነው፣ ለዚህ ግግር በረዶ የሚለው ቃል ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ባህሩን 58 ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ የግሪንላንዱ ደግሞ 7 ሜትር ከምናምን። ደሞ የኛም ሀገር ግግር በረዶ ነበራት፣ ባለፈው የበረዶ ዘመን የሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይ ነበረ፣ እየገፋ ያመጣው የድንጋይ ክምር ዛሬም እላይ አለ። ተማሪዬ ልጅ እያለች ብርዱን የምታውቀው በውርጩ ነው፣ የዛ ድንጋይ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ማንም አልነገራትም። ወደዚህ ትምህርት የሳባት እሱ እንደሆነ ነግራኛለች።

ያ የሐምሌ ቀን

ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሰራችው ስራ ይሄ ነበር፦ ከግሬስ ዳታ አንታርክቲካ በዓመት በአማካይ ምን ያህል እንደምታጣ ማውጣት። አዲስ ግኝት እንዲሆን አልተፈለገም፣ የታወቀውን ቁጥር በራሷ እጅ ደርሳበት እንድታሳይ ነው። ውጤቱን ስታመጣልኝ በዓመት ከ560 ጊጋቶን በላይ ይላል። ስዕሉ ያምራል፣ መስመሩ እየወረደ፣ 2017 ላይ ክፍተቱ፣ ከዛ ቀጥሎ መውረዱ። የታወቀው አማካይ በ130 እና በ150 መሀል ነው፣ እኔ ይሄን አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። "ትንሽ በዝቷል፣ ምናልባት የወሰድሽው ጊዜ ነው፣ የቅርቡ ዓመት ስለበዛበት ይሆናል" አልኳትና አሳለፍኩት። አራት እጥፍ የሆነን ቁጥር ትንሽ በዝቷል ብዬ አሳለፍኩ። ለምን ስል እስከዛሬ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ ቁጥሩ የማምንበትን ነገር ስለሚያጠነክር ነው። አንሶ 30 ቢመጣ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ስህተት ስፈልግ ነበር የማድረው።

ሴሚናሩ ሐምሌ ላይ ነበር፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም፣ አዳራሹ ውስጥ 40 የሚሆን ሰው አለ፣ የእርጥብ ጃኬትና የጭቃ ሽታ። ለህዝብ ክፍት ስለነበር ከውጭ የመጡም አሉ፣ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይቀዳል። ተማሪዬ በጣም ጥሩ አስረዳች፣ መጨረሻ ላይ በትልቁ የተጻፈ ስላይድ አወጣች፦ "አንታርክቲካ በየዓመቱ 20 ጣና ታጣለች።" አዳራሹ ጸጥ አለ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፣ እድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ዞን መሬት ሲለኩ የኖሩ፣ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው።

"ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ለኔ ቢጤ እንኳ በሚገባ አርገሽ ነው ያስረዳሽን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ገመዱን የት ላይ ነው የጣልሽው?"

"አልገባኝም ጋሼ።"

"ሳጥን ሳጥን አርገሽ ነው የለካሽው፣ አይደል? አንዱ ሳጥን ስንት በስንት ነው?"

"ግማሽ ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ ነው፣ 55 ኪሎሜትር በ55 ኪሎሜትር።"

"እዚህ ነው ወይስ እዛ?"

ዝም አለች። እሳቸው ተነሱና ጃንጥላቸውን እዛው አዳራሹ ውስጥ ዘረጉት፣ ውሃው ፊት ለፊታቸው በተቀመጠው ልጅ ደብተር ላይ ተንጠባጠበ። "ይሄ ጠርዙ የምድር ወገብ ነው እንበል፣ ይቺ አናቱ ደግሞ ያንቺ ዋልታ። ዘንጎቹን እያቸው።" ጠርዙ ላይ ከአንዱ ዘንግ እስከ ሌላው በስንዝራቸው ለኩ፣ ሁለት ስንዝር ሆነ። እጃቸውን እየሰበሰቡ ወደ አናቱ ወጡ፣ አንድ ስንዝር፣ ከዛ አራት ጣት፣ ከዛ አውራ ጣታቸው እንኳ በዘንጎቹ መሀል አልገባም አለ። "ዘንጉ ያው ዘንግ ነው፣ ስፋቱ ግን ያው አይደለም። እኔ እዚህ ሀገር ስለካ ይሄ ነገር ብዙ አያስቸግረኝም፣ እዛ ግን እንጃ።"

እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነኝ፣ ዘንጎቹን ሳይ ወዲያው ገባኝ። የኬንትሮስ መስመሮች ዋልታ ላይ ይገናኛሉ፣ ይሄን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። ጎንደር ያለችው ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ከምናምን ላይ ነው፣ እዚህ የግማሽ ዲግሪ ሳጥን ወርዱ 54 ኪሎሜትር ይሆናል፣ ካሬ ነው ቢባል ያስኬዳል። 75 ዲግሪ ደቡብ ላይ ግን ወርዱ 14 ኪሎሜትር ነው፣ 85 ላይ 5 ኪሎሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ሁሉንም 55 በ55 ብለን ነበር ያባዛነው።

መናገር የነበረብኝ እዛው ላይ ነበር። ተነስቼ "ጋሼ ልክ ናቸው፣ ይሄን ቁጥር ማንም አይያዘው፣ አስተካክለን እንመለሳለን" ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን "በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ እናየዋለን" ነው፣ ከዛ ሰዓቱን አሳብቤ ዘጋሁት። ልጅቷን ላለማሸማቀቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ እውነቱ ግን ራሴንም እየጠበቅኩ ነበር። ጋዜጠኛው ስልኩን አንስቶ ወጣ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዜና ሆነ፣ "አንታርክቲካ በየዓመቱ 20 ጣና የሚያክል በረዶ እንደምታጣ ጎንደር ላይ የተሰራ ጥናት አረጋገጠ።"

ስህተቱ እንዴት ተደብቆ ኖረ

ያን ማታ ቢሮ ቁጭ ብለን መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ከሁሉ በፊት መደረግ የነበረበት ነው፦ በረዶውን ትተን ሳጥኖቹን ብቻ ደመርናቸው። የአንታርክቲካ ስፋት 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነው። የኛ ድምር ከ70 ሚሊዮን በላይ ወጣ። ይሄ እስያና አፍሪካ አንድ ላይ ሲደመሩ የሚያክል ስፋት ነው፣ እና እኛ ያንን ሁሉ መሬት አንታርክቲካ ብለን ስንመዝን ነው የከረምነው። ልጅቷ ስክሪኑን እያየች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከተራ ስህተት ያልፋል ብዬ አስባለሁ፣ እና መጻፍ የፈለግኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ኮዱን የጻፈችው ለአንታርክቲካ አልነበረም። መጀመሪያ የጻፈችው ለአባይ ተፋሰስ ነው፣ ለልምምድ እንዲሆናት እኔው ነኝ የሰጠኋት። አባይ ተፋሰስ ከሱዳን ድንበር ወዲህ ያለው 175,000 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ የሷ ኮድ ሲደምረው ከ2 በመቶ ያልበለጠ ልዩነት ነበረው፣ ጠርዝ ላይ ያሉ ሳጥኖች ናቸው ብለን አለፍነው፣ ማንም ቢሆን ያልፈዋል። ውሃው ክረምት ላይ እየጨመረ መስከረም አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ በጋውን ሙሉ ይወርድና ሚያዝያ ግንቦት ላይ ወለሉን ይነካል፣ ልክ እንደምናውቀው። ኮዱ እዚህ አንድም ቀን አላሳፈረንም፣ እኛም በደንብ ተፈትኗል ብለን አመንነው። ግን የተፈተነው ስህተቱ በማይታይበት ቦታ ነበር። እኛ ያለንበት የምድር ክፍል ለዚህ ስህተት መደበቂያ ነው፣ ሳጥን ሁሉ ካሬ የሚመስልበት ቦታ ላይ ነው የምንኖረው። ኖርዌይ ያለ ተማሪ ይሄን ኮድ በሀገሩ ቢሞክረው ስፋቱ ወዲያው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይጮህበት ነበር። እዚህ ሆነን ዋልታን የምናጠና ሰዎች ይሄን ነገር ከሌላው የበለጠ መፍራት አለብን፣ ለጎረቤት ተሰርቶ ልክ የሆነ ነገር ሩቅ ሲሄድ ልክ ይሆናል ማለት አይደለም።

ማስተካከሉ አንድ መስመር ነው የፈጀው። የያንዳንዱን ሳጥን ስፋት በኬክሮሱ ኮሳይን ማባዛት፣ በቃ። ስፋቱ 14 ሚሊዮን አካባቢ መጣ። የበረዶው ቁጥር ከ560 ወርዶ 200 ገደማ ሆነ።

ሁለተኛው ስህተት

200 ስናይ ደስ አለን፣ እውነት ለመናገር ደስታው አደገኛ ነበር። ከተፈራው አንጻር ለታወቀው ቀርቧል፣ ሌሊት 6 ሰዓት ሆኗል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፣ ሁለታችንም ደክሞናል። ያኔ ብንቆም ኖሮ ሁለተኛውን አናገኘውም ነበር፣ የመጀመሪያው ስህተት ትልቅ ስለነበር ሁለተኛውን ሸፍኖት ነበር።

እንዳንቆም ያደረገን የባህሩ ሂሳብ ነው። ባህር ስንት ከፍ እንዳለ በሌላ ሳተላይት፣ በራዳር፣ ከ1993 ጀምሮ ለብቻው ይለካል። ስለዚ ከየቦታው ወደ ባህር የገባው ተደምሮ ከዛ ጋር መግጠም አለበት፣ እንደ እቁብ ደብተር ነው፣ የገባውና ያለው ካልተመሳሰለ የሆነ ሰው ተሳስቷል። በ2006 እና በ2018 መሀል ባህሩ በዓመት 3.7 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከዚህ ውስጥ 1.4 የሚሆነው የባህሩ ውሃ ራሱ ሲሞቅ ስለሰፋ ነው፣ በየተራራው ያለው ግግር በረዶ 0.6፣ ግሪንላንድም 0.6፣ አንታርክቲካ 0.4 ይጠጋሉ፣ የቀረው ከከርሰ ምድርና ከየብስ የሄደ ውሃ ነው። የ20 ጣናውን ቁጥር እዚህ ውስጥ ስናስገባው አንታርክቲካ ብቻዋን 1.5 ትሆንና ድምሩ ወደ 4.8 ይወጣል፣ ባህሩ ግን ያን ያህል አልጨመረም። ይሄን ሂሳብ በወረቀት ለመስራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከሴሚናሩ በፊት አልሰራሁትም። 200ውም ቢሆን ከሚገባው በላይ ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር።

ከዛ ከዳታው ጋር የመጣውን መግለጫ ፋይል ከላይ ጀምረን መስመር በመስመር አነበብን። ነገሩ የመሬቱ መነሳት ነው። ከቅዳሜ ገበያ ሲመለስ ጭነቱን ያራገፈ አህያ ጀርባውን በአንዴ አያቀናም፣ ቀስ ብሎ ነው። መሬትም እንደዛ ነው፣ በበረዶ ዘመን ላዩ ላይ የነበረው ጭነት ሲቀንስለት ከሺዎች ዓመታት በኋላም እየተነሳ ነው፣ ከስሩ ደግሞ የጋለ አለት ቀስ እያለ ወደዛ ይገባል። ግሬስ ስበት ብቻ ስለሚያዳምጥ ያ የሚገባው አለት በረዶ የጨመረ ይመስለዋል፣ ስለዚ መቀነስ አለበት። ተማሪዬም ቀንሳዋለች፣ ከድሮ የኔ ኮድ ላይ የወሰደችው ክፍል ነው። ግን የኔ የድሮ ኮድ የተጻፈው ለጥሬው ዳታ ነበር፣ እሷ ያወረደችው ጄፒኤል በሚባለው የናሳ ቤተ ሙከራ ተዘጋጅቶ የወጣውን ነው፣ በሱ ላይ የመሬቱ መነሳት አስቀድሞ ተቀንሷል፣ መግለጫው ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንዱን ነገር ሁለቴ ቀነስነው። ለግሪንላንድ ይሄ እርማት ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያሳስትም፣ ለአንታርክቲካ ግን ከባድ ነው፣ አጥኚዎች እርስ በርስ የሚለያዩበት ዋናው ምክንያትም ይሄው እርማት ነው።

አንዱን ስናወጣው ቁጥሩ 140 አካባቢ ተቀመጠ። 5 ጣና። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር፣ ልጅቷ "መምህር፣ አሁን ልክ ሆነ?" ስትለኝ "ከታወቀው ጋር ገጥሟል" ነው ያልኳት፣ ልክ ነው ለማለት አልደፈርኩም፣ ምክንያቱም መልሱን አውቀን ነው የደረስንበት። ሌሎቹ የደረሱበትን ቁጥር ባናውቅ ኖሮ 200 ላይ እንቆም ነበር ወይ? ይሄ ጥያቄ እስካሁን ያሳስበኛል።

እርማቱና ሰው የሰማው

በማግስቱ ጋዜጠኛውን ደወልኩለት። መጀመሪያ "ህዝቡ ወዶታል እኮ፣ ምን ያስፈልጋል" አለኝ። ስህተቱ የኛ እንደሆነ፣ እሱ ያጠፋው ነገር እንደሌለ፣ ግን በስማችን የተላለፈው ቁጥር አራት እጥፍ የተጋነነ እንደሆነ ጽፌ ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ረፋድ ላይ፣ ሰው ስራ ላይ ባለበት ሰዓት ተነበበ።

ቁጥሩን ከማረም ይልቅ የከበደኝ ከዛ በኋላ የመጣው ነው። 20 ሲባል የደነገጠው ሰው 5 ሲባል የሰማው "ውሸት ነበር" የሚለውን ብቻ ነው። አራዳ ላይ ሻይ እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ "እንግዲያ በረዶው አይቀልጥም ማለት ነው፣ ጥሩ ነው" አለኝ፣ ተንፈስ ብሎ ነው ያለው፣ ከልቡ። ቁጭ ብዬ እንደገና ነገርኩት። 5 ጣና በየዓመቱ ማለት ጣና ከዳር እስከ ዳር፣ ከጎርጎራ እስከ ባህር ዳር ያለው ውሃ በሙሉ፣ በዓመት አምስት ጊዜ ባህር ውስጥ ተገልብጦ ነው። ይሄ ከአንታርክቲካ ብቻ ነው፣ ግሪንላንድ ደግሞ ከዛ እጥፍ ገደማ ታጣለች፣ በአማካይ 270 ጊጋቶን አካባቢ፣ ወደ 10 ጣና ማለት ነው። 2019 ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ግሪንላንድ በአንድ ዓመት ከ500 በላይ አጥታለች፣ ስለዚ 20 ጣና የሚጠጋ ነገር በምድር ላይ ታይቷል፣ የተሳሳትነው የት እንደሆነና በየዓመቱ ነው ማለታችን ላይ ነው። ደግሞ ሁሉም ነገር ሲደመር የባህሩ አወጣጥ እየፈጠነ ነው፣ ከ1993 ወዲህ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ጓደኛዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ "ታዲያ መጀመሪያውኑ 5 ብትሉን ምን ነበረበት፣ 5ቱም እኮ ያስፈራል" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተማሪዬ ለጥቂት ቀን ከቤት አልወጣችም። ስትመለስ ግን የመጣችው ጽሁፏን ይዛ ነበር፣ ሁለቱንም ስህተቶች አንድ ሙሉ ምዕራፍ አድርጋ አስገብታቸዋለች፣ 70 ሚሊዮን ያለው ስዕል ሳይቀር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ "ይሄ ይውጣ፣ ድክመት ያሳያል" አለ። እኔ አይውጣ አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ በሰዓቱ ተናገርኩ፣ ምዕራፉም እንዳለ ቆየ። ጋሼ ዘንድ አብረን ሄድን፣ ቡና ተፈላ፣ ውጤቱን አሳየቻቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አድርገው የኮሳይኗን መስመር በጣታቸው ነክተው "ይቺ ናት?" አሏት። "እሷ ናት ጋሼ።" "ይቺን ያህል ትንሽ ነገር" አሉና ጽሁፉን ለልጅ ልጃቸው አቀበሉት።

አሁን ከኔ ጋር የሚሰራ ሁሉ ኮዱ ከምንም በፊት የስፋቱን ድምር እንዲያወጣ ያደርጋል፣ ያ ቁጥር ከታወቀው ጋር ካልገጠመ ቀሪውን አናየውም። ከዛ የባህሩ ሂሳብ በወረቀት፣ በእጅ። መግለጫ ፋይሉን ሁለት ሰው ለየብቻ ያነበዋል፣ ምን ተቀንሷል፣ ምን አልተቀነሰም ብሎ ይጽፋል። እና አዲስ ኮድ የሚፈተነው አባይ ላይ ብቻ አይደለም፣ ስቫልባርድ የሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይም ነው፣ 78 ዲግሪ ሰሜን፣ ሳጥን ካሬ በማይመስልበት።

ልጅቷ ቀጥላ ግሪንላንድን ጀምራለች። ባለፈው ቅዳሜ ቢሮ ነበርን፣ ኮዱን አስነሳችው፣ የመጀመሪያው መስመር ወጣ፦ 2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎሜትር ከምናምን። እኔ ትክክል ነው ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ፣ "አይ መምህር፣ ይሄ ደሴቷ በሙሉ ናት፣ በረዶው 1.7 ነው፣ ዳር ዳሩን ያለውን ባዶ መሬት ጨምሬዋለሁ፣ ማስኩን (የትኛው ሳጥን እንደሚቆጠር የሚለየውን ካርታ) ልቀይረው" አለችና መስኮቱን ዘጋችው። መብራት ሄደ። ባትሪው 40 በመቶ ላይ ነበር፣ ቀጠለች።